እመቤቲቱ ያለፈችበት ቀን

«ባሏ አብሯት አይመጣም አሉ» አለች ጎረቤታችን መዓዛ፣ መጥረጊያዋን ኖራ ውስጥ ነክራ ግድግዳችንን እየለቀለቀች።

«ዮሴፍ ለምን ይቀራል?» አልኩ።

«ዮሴፍማ ምን ያድርግ! ጋሪ ያን ቀን አስፋልቱ ላይ ድርሽ እንዳይል ተብሎ የለ እንዴ?»

እኔ የጠየቅኳት ስለ አረጋዊው ዮሴፍ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ከእመቤታችን አጠገብ በትር ይዞ ስለሚቆመው። እሷ የመለሰችልኝ ስለ ጎረቤታችን ስለ ባለጋሪው ዮሴፍ ነው። ሁለታችንም በመልሱ ረካን። «ባሏ» ማለቷ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፤ እትዬ ጥሩወርቅ ጠባቂዋ ነው እንጂ ባሏ አይደለም ብለው አስተምረውኛል። ግን መዓዛ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው አዲስ ቀሚስ ያሰፋች ጊዜ ብቻ ስለሆነ ብዙ አልፈረድኩባትም።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ከተማችን ገና አዋሳ እየተባለች ነበር የምትጠራው። ባጃጅ የሚባል ነገር አልመጣም፤ ሰውም ሲሚንቶም ሙሽራም የሚሄደው በፈረስ ጋሪ ነው። የምትመጣው ደግሞ የአንድ ሩቅ አገር ፕሬዝዳንት ሚስት ነበረች። ይኼን ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ ድምፅ ማጉያ የጫነችው ፒካፕ በሰፈራችን ስታልፍ የሰማሁት «ቀዳማዊት እመቤት ለበጎ ፈቃድ ጉብኝት ወደ ከተማችን ይመጣሉ» የሚለውን ብቻ ነው። የአገሩን ስም መኪናዋ ጥጉን ስትታጠፍ ነፋስ ወሰደው።

እኔ የማውቃት እመቤት አንዲት ናት። ቀዳማዊት ማለት ደግሞ ከሁሉ በፊት የነበረች ማለት እንደሆነ ለመገመት ቄስ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ለግምቴም ምክንያት ነበረኝ። እናቴ ሙሉጌጥ እርጉዝ ነበረች፤ ወሯ ገብቷል። ግድግዳ የሚጋሩን እትዬ ጥሩወርቅ አመሻሹ ላይ እየመጡ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዝፉላትና ሲወጡ «እመቤቴ ትቅረብሽ» ይሏታል። «አሜን» ትላለች እናቴ። እንግዲህ ስትለመን የኖረችው እመቤት በመጨረሻ ልትመጣ ነው ብሎ መንግሥት በድምፅ ማጉያ ሲናገር ምን ላስብ?

የማይገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ ፈርታለች።

እናቴ እንዲህ ያለች ሰው አልነበረችም። ሰፈሩ ውስጥ ቅጽል ስም ያላወጣችለት ሰው የለም፤ የቀበሌውን ሊቀመንበር አቶ ከበደን ሳይቀር ፊት ለፊታቸው «ባለፊሽካው» ትላቸው ነበር። ያን ሰሞን ግን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ ትቀመጥና የሚቀባውን ግድግዳ ዝም ብላ ታያለች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ወልዳ ልጅ አልቆመላትም ይላሉ ትልልቆቹ። ይኼን በሰማሁ ቁጥር የሚታዩኝ መቆም አቅቷቸው የሆነ ቦታ ተቀምጠው የቀሩ ሁለት ሕፃናት ነበሩ። ለምን ደገፍ አድርገው እንደማያቆሟቸው ይገርመኝ ነበር። ሐኪሙ እናቴን «ይኼኛውን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው፤ ምጡ እንደጀመረሽ ወደዚህ ነይ፤ አለዚያ አንቺንም እናጣሻለን» ብሏታል። ሆስፒታሉ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። አስፋልቱ ደግሞ የእንግዳዋ መንገድ ነው።

ራት ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያን ቀን ቢመጣብኝስ?» አለችው አባቴን።

«አይመጣም። ገና ነው።»

«አንተ ነህ የምታዘው?»

ስለ ዮሴፍ የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ። የማይመጣ ከሆነማ መዓዛ ነግራኛለች፤ እናቴ አንድን ሽማግሌ ቅዱስ ይኼን ያህል ለምን እንደፈራችው ግን ልደርስበት አልቻልኩም። ኃጢአት ይኖርባት ይሆን ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ያን ምሽት ወጧን ሳትነካው ተነሣች።

አባቴ አምሳሉ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ባንዲራ ይዞ መንገድ ዳር እንዲሰለፍ ታዟል። እሱ እንዲቀር አለቃውን ለምኖ ነበር፤ አለቃው «ሚስትህ ከዚያ ቀን ሌላ የምትወልድበት ቀን የላትም?» አለው አሉ። እናቴ በሕይወቷ ከሰማቻቸው ቀልዶች ሁሉ በጣም የጠላችው ይኼን ይመስለኛል።

ከተማው ግን ሠርግ ቤት ሆኖ ነበር። የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር ተቀባ። ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚወጣበት ቦታ ላይ የሚንጎራደዱትን አባ ኮዳዎች እንዲያባርሩ ሁለት ዘበኞች ተመደቡ፤ መላጣ ወፍ ለእንግዳ አይሆንም ተብሎ። ወፎቹ ተነሥተው የአንዱ ቢሮ ጣሪያ ላይ አረፉ፤ ከዚያ ሆነው ዘበኞቹን ቁልቁል ያዩ ነበር። ዓሣ አትበላም የሚል አለ፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ጭፈራ ታያለች የሚል አለ፣ ስንዴ ይዛ ነው የምትመጣው ብሎ ጆንያ ያጠበም አለ። መዓዛ ጫማዋን ብቻ ካየሁ ይበቃኛል አለች።

«ፈረሴ ምን አጠፋ?» ይላል ዮሴፍ፣ ያገኘውን ሁሉ። «ምን አጠፋ? እሷን አያውቃት፣ አታውቀው።»

«እኔ እምለው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ «አገሯ ውስጥ የምትጠይቀው ሰው የላትም እንዴ እዚህ ድረስ የምትለፋው?»

ደነገጥኩ። ዮሴፍስ ይሁን፤ የሲዳማ ልጅ ነው፣ ጸሎት ቤት ነው የሚሄደው፣ ስለ እመቤታችን ግድ ባይሰጠው አይገርመኝም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን! ጾም የማያልፋቸው ሴትዮ! ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ልመናቸው ሲሰማ ሊክዱት ይሆን?

ባለፈው ሳምንት እንዲሁ የሌላ አገር ቀዳማዊት እመቤት ሀዋሳ ትገባለች ተብሎ ባጃጆቹ ከዋናው መንገድ ሲባረሩ አይቼ ነው ይኼ ሁሉ የመጣብኝ። ጎረቤቴ ሰሚራ ስልኳን ይዛ ፎቶ ልታነሣ ስትሮጥ «አንቺ፣ እርጉዝ አለመሆንሽን አረጋግጠሻል?» አልኳት። «በአርባ ስምንት ዓመቴ? አላህ ይይልሽ!» ብላኝ ሄደች። እኔ ግን በሬን ዘግቼ ገባሁ። የመኪና ጥሩምባና እልልታ አንድ ላይ መስማት ዛሬም አልወድም።

የጉብኝቱ ቀን ጠዋት አባቴ ኮቱን ለበሰ፤ የወረቀት ባንዲራውን እንዳይታጠፍ በእጁ ያዘ። እናቴ ኮሌታውን አስተካከለችለትና «ደህና አድርገህ አውለብልብ» አለችው። ከዚያ በኋላ ድምጿን ለመስማት ብዙ መቆየት ነበረብኝ።

ጥጉን ታጥፎ እንደሄደ የበሩን መቃን ጨብጣ ቀረች።

«መዓዛ!» ብለው ጮኹ እትዬ ጥሩወርቅ ቁና ቁና ስትተነፍስ በግድግዳቸው በኩል ሰምተው። «ዮሴፍን! ሩጪ፣ ዮሴፍን!»

ዮሴፍ ከተጠራ እሷም ቀርባለች ማለት ነው። የመጣው ግን ባለጋሪው ዮሴፍ ነው፤ ፈረሱን እየጎተተ፣ ጋሪው ላይ የራሱን ፍራሽ አንጥፎ። አስፋልት ላይ ከተያዘ ፈረሱን እንደሚወስዱበት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እናቴን አያትና በሲዳምኛ «ማጋኖ» ብሎ ፈጣሪውን ጠራ፤ ከዚያ ሌላ ቃል ሳይናገር ብብቷ ሥር ገብቶ አነሣት። እትዬ ጥሩወርቅና መዓዛ ከኋላ ወጡ። እኔን የጠራኝም ያባረረኝም ስለሌለ የጋሪውን ጠርዝ ይዤ አብሬ ሮጥኩ።

ኮብልስቶን ያኔ የለም፤ ቅያሱ ጉድጓድ ነው። ጋሪው በዘለለ ቁጥር እናቴ ነጠላዋን ትነክሳለች።

አስፋልቱ አፍ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱን የያዘው ፖሊስ ጢም ገና ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ላቡ በኮፍያው ሥር ይወርዳል።

«ጋሪ ክልክል ነው! መልስ! መልስ!»

«ወላድ ናት» አለ ዮሴፍ።

«ትንሽ ታገሡ፣ አሁን ያልፋሉ።»

«ምጥ ነው ልጄ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «በል አንተው ታገሥ በለው።»

«እማማ፣ እኔን ያስሩኛል። በእናትዎ! እመቤቲቱ ትለፍ እንጂ ወዲያው አሻግራችኋለሁ።»

የተጨነቁበት ነገር ሊገባኝ አልቻለም። ወደ እኛ እኮ ነው የምትመጣው። እዚሁ ጠብቁ ነው የተባልነው። የእትዬ ጥሩወርቅን ቀሚስ ጎተት አድርጌ «አይዟችሁ፣ እመቤቴ አሁን ትደርሳለች» አልኳቸው። አዩኝና ዕንባቸው መጣ። በእምነቴ የተደነቁ መስሎኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲነግሩኝ ግን፣ ሕፃን በዚያ ሰዓት እመቤቴን ስትጠራ ሲሰሙ እናቴ የምትሞት ነው የመሰላቸው።

ያኔ ነው አባቴን ያየሁት። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ልክ በእኛ ትይዩ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መካከል ቆሟል። በሁለት እጄ ጠራሁት። እሱም አየኝ። ፊቱ በራ፤ ልጁ እንግዳ ልትቀበል የወጣች መስሎታል። ባንዲራውን ከፍ አድርጎ አውለበለበልኝ። እኔ እጄን ባወናጨፍኩ ቁጥር እሱ ባንዲራውን ያወዛውዛል። ጋሪው ከሰው ጀርባ ነው፤ አይታየውም። አጠገቡ የቆመው ሰውም እያየኝ ሳቀ፤ ሁለቱም አውለበለቡልኝ።

ሞተር ብስክሌቶቹ አለፉ። ከዚያ ጥቁር መኪኖች፣ ቀስ እያሉ። ከአንዱ መስኮት ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጅ ወጥቷል። ከእጁ በስተጀርባ እንደ ጥጥ የነጣ ፀጉርና የሚስቅ ፊት። ሥዕሉ ላይ ካለችው ጋር አይመሳሰሉም፤ እሱስ ሥዕሉ አሮጌ ነው ብዬ አለፍኩት።

«እመቤቴ! እዚህ ነን! እናቴ እዚህ ናት!»

ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ነው የጮህኩት። ሰማችኝ። ምዬ እናገራለሁ፣ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ ፈገግ ብላ ጣቶቿን አንቀሳቀሰችልኝ። መዓዛ እንኳ «አየቻት! ልጅቷን አየቻት!» አለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። መኪናው አልቆመም።

ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። በሰፈራችን ወንድ ሲወለድ እልልታው ይበዛል፣ ሴት ስትሆን ያንሳል፤ ይኼ ግን መቆሚያም የለው። ዘወር ስል እትዬ ጥሩወርቅ እጅ ላይ ቀይ፣ እርጥብ ነገር አየሁ። አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፤ ድምፁ ግን የለም፤ እልልታው ውጦታል። ከተማው በሙሉ ለእኛ ልጅ እልል ያለ መሰለኝና እኔም አንዴ እልል አልኩ።

የእትዬ ጥሩወርቅ ፊት ግን እልል የሚል ፊት አልነበረም። ሕፃኗን ለመዓዛ አቀበሉና እናቴ ላይ ተደፉ። «ሙሉጌጥ። ሙሉዬ። ስሚኝ እንጂ።» ከጋሪው ጣውላ ሥር የሚንጠባጠብ ነገር ነበር። የሚያርፈው አዲስ በተቀባው የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ነው፤ ነጩ ላይ።

ፖሊሱም አየው። ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ መብራት ያለባቸው የመጨረሻዎቹ መኪኖች ገና እያለፉ ገመዱን ለቀቀና ፊሽካውን እየነፋ መሐል አስፋልት ገባ። መኪኖቹን በእጁ አቁሞ «እለፉ!» አለን። ዮሴፍ ፈረሱን መታ። ሲመታው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማዶ ስንደርስ አባቴ ጋሪውን አየው። ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ከጎናችን ሮጠ፤ ባንዲራዋን መጣል እንኳ አልታወሰውም።

የወላድ ክፍሉ አልጋ ሁሉ አዲስ አንሶላ ለብሶ ነበር፤ የእጥፉ መስመር ገና አልጠፋም። ለእናቴ የተዘጋጀ መስሎኝ ልቤ ትንሽ መለስ አለ። በኋላ እንደሰማሁት እንግዳዋ ጠዋት እዚያው ክፍል ገብታ እናቶችን ጠይቃ፣ ጨብጣ፣ ፎቶ ተነሥታ ነው ወደ ሐይቁ ለምሳ የሄደችው። መንገድ የተዘጋብንም ወላድ ጠይቃ ስትመለስ ነው። ነርሷ እናቴን ስታስተኛት አንዴ አንሶላውን፣ አንዴ ደሙን አየችና «ይሁን» አለች ለራሷ።

ሐኪሙ አባቴን ኮሪደሩ ላይ አነጋገረው። ብዙውን አልሰማሁም። «ብዙ ደም ፈሷታል» የሚለውን ሰማሁ። «ነቅታ በደንብ ካነጋገረቻችሁ ጥሩ ነው» የሚለውንም። አባቴ «ካላነጋገረችንስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሐኪሙ ትከሻውን ነካ አደረገውና ሄደ።

ግቢው ውስጥ ዮሴፍ በባልዲ ውሃ ጋሪውን ያጥባል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«ለምን አልቆመችም?» አልኩት።

«ማን?»

«እመቤቲቱ። አየችኝ እኮ።»

የቀረውን ውሃ ጋሪው ላይ ደፋ። «ፕሮግራም አላት» አለኝ።

እመቤታችን ፕሮግራም እንዳላት እትዬ ጥሩወርቅ ነግረውኝ አያውቁም። ቅር አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለተወሰነ ጊዜ እሷን ማኩረፌ ትዝ ይለኛል፤ ስንለምናት አሜን አልልም ነበር። ያቺኛዋ ሌላ ሴት እንደነበረች ያወቅኩት፣ ሱቅ ተልኬ ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ያንኑ ጓንት ያየሁ ቀን ነው። ከሥሩ ስሟ ተጽፎ ነበር። ማንበብ የጀመርኩበት ዓመት ነበርና ፊደሉን እየቆጠርኩ አነበብኩት፤ ማርያም አይልም።

«ልጅቷስ?» አልኩት ዮሴፍን። «ትቆማለች?»

«ማ፣ ሕፃኗ?» አለና ሳቀ፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ። «ዛሬ ተወልዳ እንዴት ትቆማለች ማሂዬ? አትቆምም።»

ጋሪው ጎማ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ ባልዲውን አስቀምጦ ከፈረሱ ጋር እያፈራረቀ ሲያየኝ ቆየ። እህቴ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። እግሬን አመመኝ ባለችኝ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱን አልነግራትም።

በማግስቱ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ገለጠች እንጂ አታይም፤ ጣሪያው ላይ ተክላው ቀረች። ፊቷ እንደ አንሶላው ነጭ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ጉንጯን ሳሙ፤ አልመለሰችላቸውም። መዓዛ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኛችላት፤ ክንዷ አልታጠፈም። አባቴ ያደረበትን ኮት እንደለበሰ እግርጌዋ ቆሞ «ሙሉ… ሙሉ…» ይላል፣ ሰው የተቆለፈ በር እንደሚያንኳኳ። እኔ አልጋው ሥር ገብቼ እግሯን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ትልልቆቹ የሚተያዩበትን አተያይ አውቀዋለሁ፤ ስለ ሁለቱ ሕፃናት ሲያወሩ የሚተያዩት ነው።

አቶ ከበደ የገቡት በዚህ መሐል ነው። ጉብኝቱ በሰላም ስላለቀ ገና ከእንግዳ አቀባበሉ ደስታ አልወጡም፤ ክራባታቸውን እንኳ አልፈቱም። አልጋው አጠገብ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህት ሙሉጌጥ፣ አቶ አምሳሉ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እንግዲህ… እንግዳችን በምታልፍበት ደቂቃ፣ በምታልፍበት መንገድ ላይ የተወለደች ልጅ ናት። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ቀበሌው ተነጋግሮበታል። በእንግዳዋ ስም ብትጠራ ለሁለቱ አገር ወዳጅነት ትልቅ ነገር ነው። ሬዲዮም ይናገረው ይሆናል።»

እትዬ ጥሩወርቅ «አሁን ይኼ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። መዓዛ አቀርቅራ ነጠላዋን ትፈትላለች። ሁሉም ወደ አልጋው ላለማየት ይጥራል።

የያዝኩት እግር ተንቀሳቀሰ።

«ደግ ነው» አለች እናቴ። ድምጿ እንደ ሻከረ ወረቀት ነበር፤ ዓይኗ ግን ከጣሪያው ወርዶ አቶ ከበደ ላይ አርፏል። «እሷም ስትወልድ ሙሉጌጥ ብላ ትጥራት እንግዲህ።»